ሥራን በሥዕል የመግለጽ ጥበብ

አርሂባ በጅቡቲ ከተማ ከሚገኙት ሰፈሮች አንዱ ነው። በብዛት አፋሮች የሚኖሩበት የዚህ ሰፈር ታሪክ ከወደቡ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ መርከብ በመጫንና በማራገፍ የሚተዳደሩ ወዛደሮች ነበሩና። ጭነት በጆንያ፣ በሣጥንና በበርሜል እየተከፋፈለ ይመጣ በነበረበት ዘመን እያንዳንዱ ዕቃ በሰው ጫንቃ ላይ ማለፍ ነበረበት። ሥራውን የለመደ ወዛደር የትኛው ጆንያ አስቀድሞ መውረድ እንዳለበት፣ የትኛው ሣጥን ከሥር፣ የትኛውስ ከላይ መቀመጥ እንደሚገባው፣ ሥራው የሚጓተተው በየትኛው ሰዓትና በምን ምክንያት እንደ ሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቅ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ዕውቀት በእጁና በዓይኑ ውስጥ እንጂ በወረቀት ላይ አልነበረም።

ዛሬ በርካታው ሸቀጥ በጅቡቲ የሚያልፈው ኮንቴይነር በሚባለው የብረት ሣጥን ታሽጎ ነው። ሣጥኑን ከመርከብ የሚያወርደው ክሬን ነው፤ ከሣጥኑ ጋር ደግሞ ብዙ ሰነድ አብሮት ይጓዛል። ሰነዱን ባንክ ያየዋል፤ የመርከብ ድርጅት ያየዋል፤ የወደብ ሠራተኛ፣ ትራንዚተርና የጉምሩክ ሹም ያዩታል። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድርሻ አሳምረው ያውቃሉ። የሣጥኑን ሙሉ ጉዞ ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚያውቅ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህም ሣጥኑ በአንድ ቦታ ቆሞ ሲቀር ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ፣ መፍትሔውም ከወዴት እንደሚገኝ ለማወቅ ያስቸግራል።

ይህን ችግር ለማቃለል የሚያገለግለው ዘዴ የሥራን ሂደት በሥዕል መግለጽ ነው። ዘዴውን በተለይ የሚማሩት ሁለት ዐይነት ባለሙያዎች ናቸው። አንደኛው የሥራ ተንታኝ ሲሆን፣ ሁለተኛው የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. የሥራ ሥዕል ምንነትና አመጣጥ

ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የቤቱን ፕላን ያስነሣል። ፕላኑ ቤት አይደለም፤ ሆኖም በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት፣ ግድግዳው የት ላይ እንደሚያርፍ አንድም ድንጋይ ሳይነሣ ያሳያል። ስሕተት ቢገኝ በወረቀት ላይ ያለውን መስመር መሰረዝ ቀላል ነው፤ የቆመ ግድግዳ ማፍረስ ግን ገንዘብም ጉልበትም ያባክናል። የሥራ ሥዕልም እንደዚሁ ነው። ሥራው በማን እንደሚጀመር፣ ከማን ወደ ማን እንደሚተላለፍ፣ በየት እንደሚመረመርና በምን እንደሚፈጸም በጥቂት ምልክቶች አሳጥሮ ያሳያል።

የዚህ ዘዴ አጀማመር ከግንበኝነት ሙያ ጋር የተያያዘ ነው። ፍራንክ ጊልብሬዝ የተባለው አሜሪካዊ የሥራ ሕይወቱን የጀመረው ጡብ በመደርደር ነበር። ግንበኞች አንድ ጡብ ለማስቀመጥ የሚያደርጉትን እንቅስቃሴ በጥሞና ተመልክቶ 18 ሆኖ አገኘው፤ ጡቡና ጭቃው የሚቀመጡበትን ቦታ በማስተካከልም እንቅስቃሴውን ወደ 4 ተኩል ዝቅ አደረገው። በ1921 ከባለቤቱ ከሊሊያን ጋር ሆኖ ማንኛውንም ሥራ ደረጃ በደረጃ በምልክት የሚገልጽ ሠንጠረዥ ለአሜሪካ የመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር አቀረበ። በዚያው ዘመን ሄንሪ ጋንት የሥራን የጊዜ ርዝመት በአግድም መስመር የሚያሳየውን፣ እስከ ዛሬም በስሙ የሚጠራውን ሠንጠረዥ አስፋፋ። በ1957 ደግሞ በአሜሪካ፣ ተያይዘው ከሚከናወኑ ብዙ ሥራዎች መካከል የፕሮጀክቱን ማለቂያ ቀን የሚወስኑትን ለይቶ የሚያወጣ ስሌት ተቀመረ።

እነዚህ ዘዴዎች ጠቃሚ ቢሆኑም ምልክቶቻቸው ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ይለያዩ ነበር። ስለዚህም በ2004 ቢፒኤምኤን በሚል አሕጽሮተ ቃል የሚታወቀው የጋራ የምልክት ሥርዐት ታተመ፤ በ2013ም ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ።

ለ. የሥዕሉ ፊደላት

ማንበብ የሚጀምር ሕፃን አስቀድሞ ፊደል ይቈጥራል። የሥራ ሥዕልም የራሱ ፊደላት አሉት፤ ከእነዚህ ውስጥ ዋና ዋናዎቹ አምስት ናቸው።

የመጀመሪያው ክብ ነው። በቀጭን መስመር የተሠራ ክብ የሥራውን መነሻ፣ በወፍራም መስመር የተሠራ ክብ ደግሞ የሥራውን መድረሻ ያመለክታል። ሁለተኛው ማዕዘኑ የተጠጋጋ ሣጥን ሲሆን፣ አንድን ተግባር ይገልጻል፤ በውስጡም «ሰነድ መርምር»፣ «ክፍያ ተቀበል»፣ «ሣጥን ጫን» እየተባለ ይጻፋል። ሦስተኛው በጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን ነው። ይህ ምልክት መንገድ የሚለይበትን ቦታ ያሳያል፤ ለምሳሌ ሰነዱ የተሟላ ከሆነ ወደ ፊት፣ ካልተሟላ ወደ ኋላ የሚመለስበት መስቀለኛ መንገድ ነው። አራተኛው ቀስት ሲሆን፣ የሥራውን ቅደም ተከተል ይመራል። አምስተኛው አግድም መስመር ነው። ዋናተኞች በውድድር ጊዜ እያንዳንዳቸው በተከለለላቸው መስመር እንደሚዋኙ ሁሉ፣ በሥዕሉም ላይ ለእያንዳንዱ ባለድርሻ የራሱ መስመር ይከለልለታል። ባንኩ በባንኩ መስመር፣ ወደቡ በወደቡ መስመር፣ ጉምሩኩ በጉምሩኩ መስመር ይሰፍራል።

ከሁሉም ይበልጥ መታየት ያለበት ቀስቱ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚሻገርበት ቦታ ነው። በዚያ ቦታ ሥራው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ዕቃ የሚጠፋው፣ ሰነድ የሚረሳው፣ ባለጉዳይም «ነገ ተመለስ» የሚባለው በአብዛኛው እዚያ ላይ ነው።

እንዲህ ዐይነቱ የጋራ ምልክት እንደ ጅቡቲ ባለ ከተማ ጥቅሙ የጎላ ነው። የአገሪቱ የሥራ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው፤ ሕዝቡ ሶማሊኛና አፋርኛ ይናገራል፤ ከኢትዮጵያ የሚመጣው ሹፌርና ትራንዚተር አማርኛ ይናገራል፤ የመርከቡ ሰነድ ደግሞ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ክቡና ቀስቱ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ሐ. የጅቡቲው መንገድ እንደ ምሳሌ

ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደቡ ለኢትዮጵያ ንግድ ትልቅ በር ሆኖ ኖሯል። በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ኢትዮጵያ በአሰብ ወደብ መጠቀሟን ስላቆመች፣ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የባሕር ንግዷ በጅቡቲ በኩል ሲያልፍ ቆይቷል። በ2009 በዶራሌ የኮንቴይነር ወደብ ሥራ ጀመረ፤ በ2018 መጀመሪያም በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር መደበኛ የንግድ አገልግሎቱን ጀመረ። ወደቡና ሐዲዱ ቢሻሻሉም ግን ሰነዱ የሚጓዝበት መንገድ አብሮ ካልተሻሻለ ሣጥኑ በክሬን ፈጥኖ ወርዶ በሜዳ ላይ መክረሙ አይቀርም።

አንድ ተንታኝ የዚህን መንገድ ሥዕል ለመሥራት ቢነሣ ሁለት የአሠራር ዐይነቶች ያገኛል። በመጀመሪያው አሠራር የባሕሩ ጉዞና የየብሱ ጉዞ የተለያዩ ውሎች ናቸው። መርከቡ ዕቃውን ጅቡቲ ላይ ካደረሰ በኋላ ኀላፊነቱ የአስመጪው ይሆናል። አስመጪው በወኪሉ አማካይነት የወደቡን ጉዳይ ይፈጽማል፤ ተሳቢ መኪና ይከራያል፤ ዕቃው በጋላፊ ድንበር አልፎ፣ ሚሌን ተሻግሮ መሀል አገር እስኪደርስ ይከታተላል። ይህ አሠራር በሥዕል ሲገለጽ የአስመጪው መስመር በቀስቶች የተጨናነቀ ሆኖ ይታያል፤ ወደ ሁሉም የሚሄደው፣ ከሁሉም የሚመጣው ቀስት በእርሱ መስመር ላይ ያልፋልና።

ሁለተኛው አሠራር መልቲሞዳል ይባላል። ኢትዮጵያ ስለዚህ ጉዳይ በ2007 አዋጅ ቁጥር 548ን አውጥታለች። በዚህ አሠራር አንድ አጓጓዥ ዕቃውን በውጭ አገር ወደብ ተረክቦ፣ በአንድ የማጓጓዣ ሰነድ በባሕርም በየብስም አጓጉዞ አገር ውስጥ ባለው ደረቅ ወደብ ያስረክባል። የጉምሩኩ ሥርዐት የሚፈጸመውም በደረቅ ወደቡ ነው። ከእነዚህ ደረቅ ወደቦች ታዋቂው ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የሞጆ ደረቅ ወደብ ነው። በ2011 የንግድ መርከብ ድርጅቱ፣ የማሪታይምና ትራንዚት አገልግሎቱ፣ የደረቅ ወደብ ድርጅቱም በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር ተጠቃለሉ።

ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነታቸው በግልጽ ይታያል። በሁለተኛው ሥዕል የአስመጪው መስመር ቀለል ይላል፤ ሥራው ግን አልጠፋም፤ ወደ አጓጓዡና ወደ ደረቅ ወደቡ መስመር ተዛውሯል። ስለዚህ ጥሩ ተንታኝ «ሥራው ቀለለ» ብሎ አይረካም፤ «ከማን ትከሻ ላይ ወርዶ በማን ትከሻ ላይ ተጫነ? የተጫነበትስ አካል በቂ ሠራተኛ፣ በቂ ሜዳና በቂ መሣሪያ አለውን?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። በወደቡ ላይ የነበረው ወረፋ ወደ ደረቅ ወደቡ ብቻ ከተዛወረ የተገኘው ጥቅም ግማሽ ነው።

መ. ሥዕሉ የሚገልጠው ነገር

የሥራ ሥዕል ሁለት ነገሮችን በተለይ ይገልጣል። አንደኛው መጠበቅ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ኮንቴይነር በአንድ ሜዳ ላይ 6 ቀን፣ ይህም ማለት 144 ሰዓት ቆየ እንበል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሰነድ ምርመራው 40 ደቂቃ፣ የክፍያው ሥራ 20 ደቂቃ፣ ፍተሻው 90 ደቂቃ፣ መጫኑ 30 ደቂቃ ወሰደ እንበል። ተደምሮ 180 ደቂቃ ወይም 3 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ በ48 ሰዓት ውስጥ የተሠራው ሥራ የ1 ሰዓት ብቻ ነው፤ የቀረው 141 ሰዓት መጠበቅ ነው። ሠራተኞቹ ሁሉ በእጥፍ ፍጥነት ቢሠሩ የሚተርፈው 1 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ሳይታይ የሚያድር አንድ ሰነድ በዕለቱ እንዲታይ ቢደረግ ግን አንድ ሙሉ ቀን ይተርፋል። እንግዲህ ሥዕሉን ያላየ አለቃ ሠራተኛውን «ፍጠን» ብሎ ይቈጣል፤ ሥዕሉን ያየ አለቃ ግን ወረፋውን ያሳጥራል።

ሁለተኛው ነገር ጎን ለጎን ሊሠሩ የሚችሉ ሥራዎችን መለየት ነው። የባሕሩ ጉዞ 20 ቀን፣ የሰነዱ ዝግጅት 8 ቀን ይፈጃል እንበል። ሰነዱ መርከቡ ከደረሰ በኋላ መዘጋጀት ቢጀምር ጠቅላላው ጊዜ 28 ቀን ይሆናል። መርከቡ በባሕር ላይ ሳለ ከተዘጋጀ ግን 20 ቀን ይበቃል። የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ የጋንትን ሠንጠረዥ የሚሠራው ይህን ለማየት ነው። ተንታኙ «ሥራው እንዴት ይከናወናል?» ሲል፣ ሥራ አስኪያጁ «ለውጡ በማን፣ መቼና በምን ያህል ገንዘብ ይፈጸማል?» ይላል።

በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የፎርድ መኪና ኩባንያ ታሪክ ነው። ማይክል ሐመር የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በ1990 ባወጣው ጽሑፍ እንደ ገለጸው፣ በኩባንያው የሰሜን አሜሪካ ክፍል ለዕቃ አቅራቢዎች ሒሳብ የሚከፍሉት ሠራተኞች ከ500 በላይ ነበሩ። ማዝዳ በተባለው የጃፓን ኩባንያ ግን ይህን ሥራ የሚያከናውኑት 5 ሰዎች ነበሩ። ፎርድ አሠራሩን ሲመረምር ሠራተኞቹ አብዛኛውን ጊዜያቸውን የሚያጠፉት የግዢ ትእዛዙ፣ የዕቃ መረከቢያ ደረሰኙና ከሻጩ የሚላከው ፋክቱር ሳይስማሙ ሲቀሩ ምክንያቱን በማጣራት መሆኑ ታወቀ። ስለዚህ ፋክቱሩን ራሱን አስቀሩት፤ ዕቃው ከትእዛዙ ጋር የሚስማማ ከሆነ እንደ ደረሰ ክፍያው እንዲፈጸም አደረጉ። በክፍሉ የሚያስፈልገው የሰው ኃይልም በ75 በመቶ ቀነሰ። ቁም ነገሩ፣ ፎርድ ነባሩን ሥራ በኮምፒዩተር ከማፋጠን ይልቅ ሥራው ራሱ ማስፈለግ አለማስፈለጉን መጠየቁ ነው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ ሂደቱን ሳይመረምር ኮምፒዩተር የሚገዛ መሥሪያ ቤት ነባሩን ችግር በውድ ዋጋ መልሶ ይገዛል።

በኢትዮጵያም ከ2000ዎቹ ዓመታት አጋማሽ አንሥቶ ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ» በሚል ስም ይህን አስተሳሰብ ሥራ ላይ ለማዋል ሞክረዋል። ነባሩን አሠራር በሥዕል ማሳየት፣ ከዚያም አዲሱን መንደፍ የዚህ ጥናት ዋና ክፍል ነበር።

ሠ. ትክክለኛ ሥዕል የሚገኝበት መንገድ

ምልክቶቹን ማወቅ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው እውነተኛውን ሥራ ማወቅ ነው። በማንኛውም መሥሪያ ቤት ሁለት ሥራዎች አሉ። አንደኛው በመመሪያ ላይ የተጻፈው ነው፤ ሁለተኛው ሠራተኛው በየዕለቱ የሚሠራው ነው። መመሪያው «ሰነዱ ይመረመራል» ይላል፤ መርማሪው ታሞ በቀረበት ቀን ሰነዱ የት እንደሚውል ግን አይናገርም። ከቢሮው ሳይወጣ መመሪያውን ብቻ ይዞ የሚስል ተንታኝ ያማረ፣ ነገር ግን ሐሰተኛ ሥዕል ያቀርባል።

ስለዚህ ትምህርቱ የሚጀምረው ሥራው የሚነሣበትንና የሚያልቅበትን ወሰን በመለየት ነው። ቀጥሎ ተንታኙ ወደ ሥራው ቦታ ሄዶ በዓይኑ ይመለከታል፤ ሠራተኞቹን በአክብሮት ይጠይቃል። ከዚያም ሥዕሉን በእርሳስ ነድፎ ለራሳቸው ለሠራተኞቹ መልሶ ያሳያቸዋል። አንድ ሹፌር «የለም፤ በዚህ ኬላ ሁለት ጊዜ እንቆማለን» ቢል፣ በዚያች ቃል ብቻ የሥዕሉ ጉድለት ይታረማል። «ጋን በጠጠር ይደገፋል» የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ሥዕሉ ከታረመ በኋላ በየደረጃው የሚወስደው ጊዜ ይለካል፤ አዲሱ አሠራር የሚነደፈውም ከዚህ በኋላ ነው።

በአዲሱ ሥዕል ላይ አንድን ሣጥን መሰረዝ ለሠዐሊው የአንድ አፍታ ሥራ ነው። በዚያ ሣጥን ውስጥ ግን የሰው እንጀራ ሊኖር ይችላል። በ1956 58 ኮንቴይነሮች የጫነ መርከብ ከአሜሪካ ኒውአርክ ተነሥቶ ሂዩስተን ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የንግድ ዕቃ ማመላለሻ ዋጋ ረከሰ፤ የዓለም ንግድም ሰፋ። ይሁን እንጂ በየአገሩ ወደብ በጫንቃቸው ያድሩ የነበሩት ወዛደሮች ሥራቸው እየጠበበ ሄደ። እንደ አርሂባ ያለ ሰፈር ይህን ለውጥ በወረቀት ላይ እንደ ተሰረዘ ምልክት አይመለከተውም፤ በየቤቱ እንደ ጎደለ ደመወዝ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ አዲስ አሠራር የሚነድፍ ባለሙያ በሥዕሉ ላይ የሚተርፈውን ቀን ብቻ ሳይሆን ከሥዕሉ የሚወጣውን ሰው ጭምር መቍጠር፣ ሌላ ሙያ የሚማርበትንና ሌላ ሥራ የሚያገኝበትንም መንገድ በፕላኑ ውስጥ ማስገባት አለበት።

በሌላ በኩል ደግሞ ነባሩን አሠራር እንዳለ መተው ለማንም አይጠቅምም። ኮንቴይነር በወደብ ላይ በቆየ ቁጥር የሜዳ ኪራይና የመዘግየት ቅጣት ይከፈላል፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ይህ ወጪ በመጨረሻ የሚደርሰው ዘይት፣ መድኃኒት ወይም የትምህርት መሣሪያ በሚገዛው ሰው ላይ ነው። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ዕቃ ማዳበሪያ ከሆነም የዘር ጊዜ ካለፈ በኋላ መድረሱ ለገበሬው ምንም አይፈይድለትም።

ረ. ማጠቃለያ

የሥራ ሥዕል ማለት ሥራ ከመነሻው እስከ መድረሻው በማን፣ በምን ቅደም ተከተልና በየት በኩል እንደሚተላለፍ የሚያሳይ ንድፍ ነው። ጥቅሙም የተበታተነውን ዕውቀት አሰባስቦ ሁሉም በአንድነት እንዲመለከቱት ማድረጉ ነው። ዘዴውን ለመለማመድ ወደብ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። አንድ ተማሪ ከትምህርት ቤቱ ሪከርድ ክፍል የምስክር ወረቀት ለማውጣት የሚያልፍባቸውን በሮች ቈጥሮ፣ በየበሩ የሠራበትንና የጠበቀበትን ጊዜ ለይቶ በክብ፣ በሣጥንና በቀስት ሊገልጽ ይችላል። ሥዕሉን ከጨረሰ በኋላ ለሪከርድ ክፍሉ ሠራተኛ ያሳየው፤ ሠራተኛዋ ወይም ሠራተኛው የሚጨምሩለት አንድ ነገር አይጠፋም። እርሱም የተዘነጋውን አንድ ሣጥን በሥዕሉ ላይ ይጨምራል።